በሚድዋይፍ የሚመራ የእርግዝና ክትትል ምንድን ነው?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ የተወዳጀኋት ጎረቤቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። አምስተኛ ወሯ ነው። ክትትል የምታደርገው ግን እዚህ አይደለም። ድሮ ወደምትኖርበት ልደታ ትመላለሳለች። ለአንድ ቀጠሮ ሦስት ታክሲ ትቀያይራለች። በጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ነው የምትመለሰው። ባለፈው ቀጠሮዋን ዘለለችው። «ደከመኝ እኮ፣ ወገቤ አልቻለም» አለችኝ።

«እዚሁ ጤና ጣቢያ ለምን አትሄጂም?» አልኳት።

«እዚያ እኮ ዶክተር አያይሽም። ሚድዋይፍ ብቻ ናት» አለች።

ይቺን መልስ ከብዙ ሴት ሰምቻታለሁ። እኔም በመጀመሪያው እርግዝናዬ ብያታለሁ፤ ልታስከፍለኝ የነበረውን ስለማውቅ ነው ዛሬ የምጽፈው።

በሚድዋይፍ የሚመራ ክትትል ማለት የአንዲት ጤነኛ ነፍሰ ጡር ዋና ተጠሪ ሚድዋይፍ ስትሆን ነው። ከመጀመሪያው ምርመራ ጀምሮ እስከ ምጡ፣ ከዚያም እስከ አራስነቱ ድረስ። የምትመረምራት፣ የምትመክራት፣ የምታዋልዳት እሷ ናት። ችግር ስታይ ሪፈር ጽፋ ወደ ሐኪም የምትልካትም እሷ ናት። ሐኪሙ አልቀረም። የሚገባው ግን ሲያስፈልግ ነው።

ግራ ከሚያጋቡን ነገሮች አንዱ ቃሉ ይመስለኛል። በአማርኛ «አዋላጅ» ስንል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የወሊድ ቀን ነው። ያቺ ቀን ደርሳ ልጁን የምትቀበል ሴት። ብዙ ሰው ደግሞ ከልምድ አዋላጅ ጋር ያምታታዋል። ሚድዋይፍ ግን በኮሌጅ ወይም በዩኒቨርሲቲ ተምራ ፈቃድ ያወጣች ባለሙያ ናት። ወንዶችም ብዙ አሉ። የእንግሊዝኛው ቃል በጥንት ትርጉሙ «ከሴቷ ጋር ያለች» እንደማለት ነው። ይሄኛው ፍች ሥራውን በደንብ ይገልጸዋል። ሥራው በዋናነት አብሮ መሆን ነው፤ ያውም ዘጠኝ ወር ሙሉ።

የእኔን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው እርግዝናዬ የተከታተልኩት አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። በሄድኩ ቁጥር ሌላ ዶክተር ያየኛል። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። «ስንተኛሽ ነው? የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ሂሳብ። ደም ግፊቴን ሳይለኩኝ የወጣሁበት ቀን ነበር። ስምንተኛ ወሬ ላይ ፊቴ አበጠ፣ ቀለበቴ አልወጣ አለ። ነገርኳቸው። «ያው እርግዝና ነው» ተባልኩ። ጎረቤቶቼም «ማርያም ትቅረብሽ፣ ወፍረሽ አምሮብሻል» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ገንዘብ አጥሮኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያገኘችኝ ሚድዋይፍ ወጣት ናት። ከሁሉ በፊት ደም ግፊቴን ለካች። አንዴ አየችው። ጥቂት አሳርፋኝ ደግማ ለካች። 150 በ100፤ ከፍ ያለ ነበር። ሽንቴን አስመረመረች፤ ፕሮቲን ነበረው። «ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽ ብዥ ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ራሴን ያመኝ ነበር፤ ማንም ስላልጠየቀኝ ግን አልተናገርኩም። በዚያው ሰዓት ሪፈር ጽፋ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላከችኝ። ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው።

እዚህ ላይ «ዝቅተኛ ስጋት» የሚለውን ነገር ማብራራት አለብኝ። ይህ ዓይነቱ ክትትል ለሁሉም ነፍሰ ጡር አይደለም። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ለሌለባት፣ ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን ላልወለደች፣ መንታ ላልያዘች፣ እየደማች ላልሆነች፣ ባለፈው እርግዝናዋም ከባድ ችግር ላልገጠማት ሴት ነው። አብዛኛው እርግዝና እንዲህ ያለ ጤነኛ እርግዝና ነው። ሌሎቹ በሐኪም መታየት አለባቸው፤ ሚድዋይፏም ከሐኪሙ ጋር ሆና ትከታተላቸዋለች። እኔ ሁለተኛውን ሳረግዝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስጋት ካለባቸው ተርታ ነበርኩ። ያለፈውን ስነግራት ሚድዋይፏ ወዲያው ከሐኪም ጋር አገናኘችኝ፤ ግፊቱ እንዳይደገምብኝ በሐኪም ትእዛዝ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ጀመርኩ። ይህ መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ ከ20ኛው ሳምንት በፊት ሲጀመር ነው። ዘግይቼ ሄጄ ቢሆን ያልፈኝ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ዝቅተኛ ስጋት አንዴ ተጽፎ የሚቀር ነገር አይደለም። በየቀጠሮው እንደ አዲስ ይታያል። ዛሬ ደህና የነበረች ሴት ከአራት ሳምንት በኋላ ላትሆን ትችላለች። የሚድዋይፏ ትልቁ ሥራ ይህን ለውጥ መያዝ ነው። ስለዚህ ነው ቀጠሮዎቹ የበዙት።

ድሮ ቀጠሮው አራት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ወደ ስምንት ከፍ አደረገው። የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40ኛው ሳምንት። ወደ መጨረሻው እየተቀራረቡ የሚሄዱት በከንቱ አይደለም። ግፊቱም፣ የፅንሱ እድገት መቀነስም፣ ልጁ ተገልብጦ መቀመጡም ያኔ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው። ድርጅቱ እንዳለው ስምንት ጊዜ መታየት ከአራቱ ጋር ሲነጻጸር ከ1,000 ወሊድ እስከ 8 የሚደርስ የፅንስና የጨቅላ ሞት ሊቀንስ ይችላል። የእኛ ጤና ሚኒስቴርም ስምንቱን ተቀብሎ በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል።

መመሪያው አንድ ነገር ነው፤ ኑሯችን ሌላ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ቢያንስ አራት ጊዜ የታዩት 43 በመቶ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኛ ጋ እኮ እርግዝና በመጀመሪያዎቹ ወራት አይወራም። ሆድ ሳይገፋ መናገር እንደ ነውር፣ አንዳንዴም እንደ ክፉ ዓይን ይታያል። ይገባኛል። ግን ለጎረቤት አለመናገርና ለሚድዋይፍ አለመናገር ለየቅል ናቸው። እሷ ጋ የሚነገር ነገር እዚያው ይቀራል።

አሁን ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ፤ ብዙዎች «ምን ታደርግልሻለች?» ይሉኛል። በሁለተኛው እርግዝናዬ 34ኛው ሳምንት ላይ የነበረውን ቀን አስታውሰዋለሁ። ክብደት፣ ግፊት፣ ሽንት። ከዚያ አልጋው ላይ አስተኛችኝ። እጇን አሻሽታ አሞቀች። በሁለት እጇ ሆዴን ከላይ፣ ከግራ ከቀኝ፣ ከታች ዳሰሰች። «መቀመጫው እዚህ ነው፣ ጀርባው በዚህ በኩል፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ዞሯል» አለችኝ። እጄን ይዛ አስነካችኝ። ከዚያ ልብስ ሰፊ የሚይዘውን ዓይነት ሜትር አወጣች፤ ማህፀኔ የት ድረስ እንደደረሰ ለካች። «33» አለች። ከግማሽ እርግዝና በኋላ ሴንቲሜትሩ ከሳምንቱ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። ብዙ ካነሰ ወይም ከበዛ ምክንያቱ ይፈለጋል። መጨረሻ ላይ ቀንድ የሚመስለውን ፌቶስኮፕ ሆዴ ላይ አስቀምጣ ጆሮዋን አስጠጋች። ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆን አለበት። «138። ጎበዝ ልጅ ነው» አለች።

መብራት አልነበረም። አልትራሳውንዱም አይሠራም ነበር ያን ቀን። የሚያስፈልገንን ሁሉ ግን በእጇ፣ በጆሮዋና በሜትሯ አየችው።

አልትራሳውንድ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ መታየት ይመከራል፤ ቀኑን ለማስተካከል፣ መንታ ለማወቅ። ደሙም አለ፤ የደም ማነስ፣ የደም ዓይነት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ ይመረመራል። የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል ይሰጣል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም። እነዚህን ሁሉ ሚድዋይፏ ታዛለች። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ደግሞ ክትትሉም ወሊዱም በነፃ ነው።

በጥናት በኩልስ? ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ያደሰው ግምገማ 17 ጥናቶችን፣ ከ18,000 በላይ ሴቶችን አይቷል። አንድ ሚድዋይፍ ወይም ትንሽ የሚድዋይፎች ቡድን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተከታተላቸው ሴቶች በተፈጥሮ መንገድ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ በኦፕሬሽን መውለድና መሣሪያ ተጠቅሞ ማዋለድ ደግሞ ቀንሷል። ጥናቶቹ በብዛት የተሠሩት ከእኛ በተሻለ አቅም ባላቸው አገሮች ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አምቡላንሱ ወዲያው በሚመጣበት፣ ሆስፒታሉ ቅርብ በሆነበት ማለት ነው።

የእኛው አገር ትምህርት ደግሞ ከዚሁ ከከተማችን ዳር ይመጣል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ፊስቱላ ሽንት ወይም ሰገራ ሳይቆጣጠሩት እንዲፈስ የሚያደርግ ቀዳዳ ነው፤ በአብዛኛው የሚመጣው ምጥ ለቀናት ተራዝሞ የሚረዳ ሰው ሲጠፋ ነው። ለዓመታት የተጎዱትን ሲያክሙ ኖሩ። ኋላ ግን ከምንጩ ማድረቅ ይሻላል ብለው እ.ኤ.አ. በ2007 ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኘው ደስታ መንደር የሚድዋይፎች ኮሌጅ ተከፈተ። ተማሪዎቹ ከገጠር ይመለመላሉ፤ አራት ዓመት ተምረው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይመለሳሉ። ለአንድ በሽታ ዕድሜውን የሰጠ ሆስፒታል መከላከያው ሚድዋይፍ ናት ብሎ ማመኑ ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነው።

የሚጎድለንንም ልናገር። እኛ ጋ ክትትሉን የምታደርገው ሚድዋይፍ ናት፤ ግን ብዙ ጊዜ ያቺው ሚድዋይፍ አይደለችም። ክትትል ክፍሏ ያየችኝ ምጥ ክፍል አልነበረችም፤ ተረኛዋ ሌላ ነበረች። ምጥ ላይ ሆኜ ታሪኬን ለማላውቃት ሴት ስናገር አስታውሳለሁ። ጥናቱ ያን ሁሉ ጥቅም ያገኘው ግን ከተከታታይነቱ ነው፤ የሚያውቅሽ ሰው መጨረሻ ላይም ሲኖር። ይህን ለማድረግ የሚድዋይፍ ቁጥር ይፈልጋል፣ የፈረቃ አደረጃጀት ይፈልጋል። አንዲት ሚድዋይፍ በቀን ይህን ሁሉ ሰው እያየች ሌሊት ደግሞ ታዋልድ ማለት ግፍ ነው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሚድዋይፎች እንደ ቡድን ሆነው የአንድ ሰፈር እናቶችን ቢይዙ፣ ምጥ ላይ ከሦስቱ አንዷ መገኘቷ አይቀርም። የምመኘው ይህን ነው።

ከዳር ሰፈር ለምንኖር ደግሞ ርቀቱ ራሱ ስጋት ነው። ሌሊት ምጥ ቢመጣ ልደታ ድረስ ማን ይወስዳል? በእኛ በኩል ከቅርቦቹ ሆስፒታሎች አንዱ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። እዚያ ሪፈር የሚጽፍልሽ ደግሞ እዚሁ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። አስቀድሞ ካርድ ያላት ሴት ሌሊት ስትደርስ ታሪኳ ጤና ጣቢያው ውስጥ ይጠብቃታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ስልክሽ ላይ ይመዝገብ። ማን አብሮሽ እንደሚሄድ፣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ፣ የማን መኪና እንዳለ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። ደም ከፈሰሰሽ። የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ካለ። ማንቀጥቀጥ። ትኩሳት። ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ። አንዱ ከታየሽ ሌሊትም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን ተነሺ። «ያው እርግዝና ነው» የሚልሽን ሰው አትስሚ።

ለጎረቤቴ ይህን ሁሉ ቡና እየጠጣን ነገርኳት። ልደታ ያለውን ካርዷንና የአልትራሳውንድ ውጤቷን ኮፒ አድርጋ ታመጣለች። ማክሰኞ ጠዋት በእግር አብረን እንሄዳለን፤ ከብሎካችን አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሚድዋይፏን ስሟን ጠይቂያት አልኳት፤ በሚቀጥለውም እሷ ጋ እንድትገቢ።