የእርሻ በሬ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ

ከደሴ በላይ ባሉት የደጋ ገብስ ማሳዎችም ሆነ ዝቅ ብሎ በኮምቦልቻ ዙሪያ በሚገኙት የጤፍና የማሽላ እርሻዎች፣ ሞፈርና ቀንበር የሚጎትተው በሬ ከጥንት ጀምሮ የገበሬው ዋና ጉልበት ሆኖ ቆይቷል። ወይፈን የሚገራው ሥራ ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው። በሬዎቹ እንደ መልካቸው ቡሬ፣ ዳለቻ ወይም ቦቃ እየተባሉ ይጠራሉ፤ አራሹም በእነዚሁ ስሞች እያነጋገረ ይነዳቸዋል። ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያያይዘው ምራን የሚሠራው ከቆዳ ስለሆነ፣ በሬ ከታረደ በኋላም ከማሳ አይለይም ማለት ይቻላል።

የበሬ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በጉልህ የታየው በክፉ ቀን ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ሲፈጅ፣ ዝናብና ዘር ቢገኝ እንኳ የሚያርስ በሬ አልነበረም። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የሚነገረው፣ ያለ በሬ መሬት መሥራት እንደ ውርደት ይቆጠር ስለነበር ነው። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ብዙ የወሎ ገበሬ በሬውን በርካሽ ሸጧል፣ ወይም በመኖ እጦት አጥቷል። አንድ በሬ የቀረው ከአንድ በሬ ባለቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ በተራ ያርሳል፤ ምንም የሌለው በእህል ወይም በጉልበት ይከራያል። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል በአንድ በሬ የሚጎተት ማረሻ ቢያዘጋጅም አልተስፋፋም፤ ደካማና የተጎሳቆለ በሬ ብቻውን ከባድ አፈር እንዲገለብጥ መጠበቅ፣ በእኔ ግምት፣ ከመጀመሪያው የሚያዛልቅ አልነበረም።

ያረጀ በሬ ደልቦ ለገበያ ይቀርባል። ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው የባቲ የሰኞ ገበያ የደጋና የቆላ ከብት ይገናኛል። በደሴ ከተማ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ በመግዛት ሥጋውን እኩል መድበው በዕጣ ይካፈላሉ፤ ቅርጫ ይባላል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የየራሱን እርድ ብቻ ስለሚበላ፣ ሁለቱም በሚጠሩበት ሠርግ ደጋሹ ለሌላው እምነት እንግዶች ለብቻ ያሳርዳል።