ለአስታማሚ የሚሰጥ የጓደኝነት ድጋፍ ምንድን ነው?

ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ደዋዩ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ በሽተኛው ነው። ተሻላት? እንቅልፍ ወሰዳት? መድኃኒቷንስ ዋጠች? አስታማሚዋ ለሁሉም ትመልሳለች፣ ስልኩ ይዘጋል፣ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያላት ግን የለም። ይህ ድጋፍ የታሰበው ለእሷ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ያለ ደመወዝ ቤተሰቡን ወይም ወዳጁን የሚያስታምም ሰው ከአንድ በጎ ፈቃደኛ ጋር ይገናኛል። በጎ ፈቃደኛው በቀጠሮ ይደውላል፣ ወይም ቤት ድረስ ይመጣል፣ ካልሆነም አብረው ወጣ ብለው ትንሽ ይራመዳሉ። ያወራሉ። አንዳንዴ ስለ ሕመሙ፣ ብዙ ጊዜ ግን ስለ ኳስ፣ ስለ ተከታታይ ድራማ፣ ስለመጣላቸው ነገር።

በጎ ፈቃደኛው ሕክምና አይሰጥም፣ በሽተኛ አያጥብም፣ ገንዘብም አያበድርም። ሥራውን የሚመራው ድርጅት ያሠለጥነዋል፣ ማንነቱን ያጣራል፣ የሚከታተለው አስተባባሪም ይመድብለታል። የሰማውን ምስጢር ይጠብቃል፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለአስተባባሪው መናገር አለበት።

ዘመድ እያለ ባዕድ ለምን አስፈለገ? እስቲ ለእህትሽ «ዛሬ እማዬ ላይ ጮህኩባት» በያት። ወይ ትቀየምሻለች፣ ወይ ምክር ታዥጎደጉድብሻለች፣ ወይ ደግሞ እሷ ሳትመጣ የከረመችበት ነገር ይነሳና ሌላ ጸብ ይከተላል። ባዕዱ በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። «መሮኛል» ስትይው ደንግጦ ማጽናናት አይጠበቅበትም፤ ዝም ብሎ ቢሰማ በቂ ነው። ምክር የሚያበዛ በጎ ፈቃደኛ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ባይመጣ ይሻላል።

ግን ይሠራል ወይ? እውነቱን እንነጋገር። በእንግሊዝ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን በሚያስታምሙ 236 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። ለግማሾቹ በጎ ፈቃደኛ የማግኘት ዕድል ተሰጣቸው። የድባቴ ስሜታቸው ሲለካ ግን ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ልብ የሚባለው ነገር ታዲያ ይሄ ነው፦ ዕድሉን ካገኙት የተጠቀሙበት ግማሽ ያህሉ ናቸው፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የዘለቁት ደግሞ ሲሶ ገደማ።

እኔ ብዙም አልገረመኝም። አስታማሚ እኮ ለራሱ ገላ መታጠቢያ ጊዜ የለውም፣ ወሬ የሚያወራው መቼ ነው? ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂ። ሰዓቱን የሚወስነው ማነው? በሽተኛው ሲተኛ፣ ማታም ቢሆን፣ መደወል ይቻላል? እኔ ስወጣ ከእሱ ጋር የሚቀመጥ ሰው አለ? ስንት ወር ይቆያል? በሽተኛው ካረፈ በኋላስ ይቀጥላል ወይ? የመጨረሻውን መጠየቅ ይከብዳል፤ ቢሆንም ጠይቂ፣ አስተባባሪዎቹ አይደነግጡም።