የካሜራ ወጥመድ በመሃል አዲስ አበባ

የካሜራ ወጥመድ ሰው በሌለበት የዱር እንስሳትን ፎቶ የሚያነሳ ሳጥን ነው። እንስሳውን አይዝም፣ አይነካም። ሴንሰሩ ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ካወቀ ካሜራው ፎቶ ወይም አጭር ቪዲዮ ይቀርጻል። ማታ የሚጠቀመው ለዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሆነ የሌሊት ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ቀኑና ሰዓቱም አብሮ ይመዘገባል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ጆርጅ ሻይረስ እንስሳው ራሱ ገመድ ነክቶ ፎቶ እንዲነሳ ያደርግ ነበር። ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በሱዳን ድንበር ባለው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ በ2008 ዓ.ም. የተረጋገጠው በካሜራ ወጥመድ ፎቶና በዱካ ነው።

መሃል አዲስ አበባ ደግሞ ጅብ አለላችሁ። የሌሊት ጩኸቱ ለከተሜው ብርቅ አይደለም። ከእንጦጦ የሚወርዱት ቀበናና ግንፍሌ ወንዞችም ለሌሊት ተጓዥ የተመቹ ናቸው። የጅብ ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ ከአንዱ አንዱ ይለያል። ስለዚህ አሥር ፎቶ አሥር ጅብ ይሁን አንድ ጅብ መለየት ይቻላል።

ካሜራው በጉልበት ከፍታ ላይ ይታሰራል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ሴንሰሩን እንዳያታልለው ፊቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሁን። ፊት ለፊቱ ያለው ሣር ካልታጨደ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ባዶ ፎቶ ይነሳል። የካሜራው ሰዓት ሲስተካከልም ጥንቃቄ ያሻል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፈረንጆቹ 2 ሰዓት ነው። በእኛ ሰዓት ከሞላችሁት የሌሊቱ ጅብ ጠዋት የዞረ ይመስላል።

ከተማ ውስጥ ዋናው ጣጣ ግን ሰው ነው። መንገድ ዳር የታሰረ ካሜራ ሳያድር እብስ ሊል ይችላል። ስለዚህ ዛፍ ያለበት አጥር ግቢ ይመረጣል፦ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ኤምባሲ። ፈቃዱ ከጽሕፈት ቤት ይምጣ እንጂ ካሜራውን ሲጠብቅ የሚያድረው ዘበኛው ነው፤ ምን እንደሆነ እሱ ቀድሞ ይወቅ። ነጠላዋን አጣፍታ ለማለዳ ኪዳን የምትገባ እናትም ፎቶ ውስጥ መግባቷ አይቀርም። እንዲህ ያለው ምስል ለማንም ሳይታይ መጥፋት አለበት፣ ማስታወቂያም መለጠፍ ደግ ነው።

ፎቶው የሚቀመጥበትን ካርድ የሚሞላው ውሻና ድመት ነው። የውሻው ፎቶ ግን አይጣልም። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ዱር እንስሳ ይተላለፋል፤ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮን ክፉኛ ጎድቷል። ውሻና ጅብ በየትኛው ሰዓት በአንድ መንገድ እንደሚያልፉ ማወቅ ክትባቱ የት እንደሚቀድም ለመወሰን ይረዳል።