ኤክሳይዝ ታክስ ምንድን ነው? ደረሰኙ ላይ የማይታየው ሒሳብ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በኩል ከሥራ በኋላ የምንሰባሰብባት አንዲት ግሮሰሪ አለች። ጣና ከዚያ አይታይም፤ ነፋሱ ግን ይደርሳል። ሰሞኑን ሒሳብ ሲመጣ አንዱ ጓደኛችን ደረሰኙን አገላብጦ አየና፣ «ቢራ ላይ አለ የሚሉት ታክስ የታለ? ቫት ብቻ ነው እኮ ያለው» አለ። ደረሰኙን ተቀባበልነው። አላገኘነውም።

ሊገኝም አይችልም። ኤክሳይዝ ታክስ ግሮሰሪ ውስጥ አይከፈልም። ዕቃው አገር ውስጥ ከተመረተ ፋብሪካው፣ ከውጭ ከመጣ አስመጪው ጉምሩክ ላይ ይከፍለዋል። ከዚያ በኋላ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። ፋብሪካው ለአከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ለግሮሰሪ እያቀበለው ይመጣና መጨረሻ ላይ የሚያወራርደው ጠጪው ነው።

ከቫት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቫት ጥቂት ነገሮችን ትቶ ሁሉንም በ15 በመቶ ይይዛል። ኤክሳይዝ ግን መርጦ ነው የሚይዘው፦ ሲጋራ፣ አልኮል፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ስኳር፣ ሽቶ፣ መኪና። ብዙ ሰው ስሙን በደንብ የሰማው በ2012 ዓ.ም. ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ ሲያሻቅብ ነው። የመኪናውን ነገር ለባለመኪናዎች ልተወው። እኔን የሚመለከተኝ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነው።

በ2012 የወጣው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ይባላል። ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ ነገር ቢኖርም አሠራሩን ለመረዳት በሲጋራ መጀመር ይቀላል። አዋጁ ሲወጣ ሲጋራ ላይ የጣለው 30 በመቶ ነው፤ በዚያ ላይ በአንድ ፓኮ 8 ብር። ለሒሳብ እንዲመቸን ፋብሪካው አንዱን ፓኮ በ20 ብር ይሸጣል እንበል። 30 በመቶው 6 ብር ነው። 8 ሲጨመር 14። ፓኮው 34 ብር ሆነ ማለት ነው። ቫት የሚሰላው ታዲያ በ20ው ላይ አይደለም፤ በ34ቱ ላይ ነው። 5 ብር ከ10 ሳንቲም ጨምሩበት፣ 39 ብር ከ10። የነጋዴው ትርፍ ገና አልገባም። አዎ፣ በታክሱ ላይ ታክስ ተከፈለ። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ያቺ 8 ብር ለምን አስፈለገች? በመቶኛ ብቻ ቢሆን ርካሽ ሲጋራ ርካሽ ታክስ ይከፍል ነበር። አጫሹም ዋጋ ሲጨምርበት ወደ ርካሹ ይወርዳል እንጂ አያቆምም። ቁርጥ ያለው ብር ሁሉንም እኩል ይመታል። ችግሩ ቁርጥ ያለ ብር በግሽበት ይበላል። የ2012 ስምንት ብርና የዛሬው ስምንት ብር አንድ አይደሉም፤ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ቁጥሩ በየጊዜው ካልታረመ ታክሱ ሳይነካ ይረክሳል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ከዚህ በፊት የነበረው የ1995ቱ አዋጅ፣ ቁጥር 307፣ መግቢያው ላይ ታክሱ ለምን እንደተጣለ ያስረዳል። አንዱ ምክንያት ገቢ ነው። ዋጋቸው ቢጨምርም ሰው መግዛቱን የማይቀንስባቸው ዕቃዎች ላይ ቢጣል ጥሩ ገቢ ይገኛል ይላል። ሌላው ምክንያት ጤና ነው። ጤናን የሚጎዱና ማኅበራዊ ችግር የሚያመጡ ዕቃዎች ላይ ሲጣል ሰው ይቀንሳል ይላል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አንብቧቸው። በአንድ ገጽ ላይ፣ አንዱ ሰውየው እንደማይተው ተማምኖ፣ ሌላው እንዲተው ተመኝቶ የተጻፈ ነው። ሲጋራ ደግሞ ሁለቱም ውስጥ ይገባል።

ይህን የምለው ሕጉን ለመሳለቅ አይደለም። የሱስ ታክስ የትም አገር እንዲህ ነው። ቆንጆ የሚሠራው ግማሽ በግማሽ ሲሠራ ነው፦ ገና ያልጀመረው ወጣት ዋጋው ይከብደውና ይቀራል፣ የቆየው አጫሽ ደግሞ እየከፈለ ይቀጥላል። ሁሉም ቢያቆሙ ግምጃ ቤቱ ይጎድልበታል። ማንም ባያቆም ጤና ጥበቃ ያፍራል።

የእኛ መንግሥት ከሲጋራ ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ ከታክስም ያልፋል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን ከልክለው ነበር፤ ቅጣቱም ከባድ ነበር። በኋላ ግን መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል ባለቤት ሆነ። ኒያላን የሚያመርተው ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. 40 በመቶው ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፣ በዓመቱ ደግሞ የኩባንያው ድርሻ 70 በመቶን አለፈ። ሻጩም፣ ታክስ ሰብሳቢውም፣ «አታጭሱ» ባዩም አንድ ቤት የኖሩ ናቸው።

በዋጋ ብቻ ነው የሚቆጣጠሩት ማለት ግን አይደለም። የ2011ዱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አወጣ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮልም ሲጋራም መሸጥ ከለከለ። ሺሻን አገደ። በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስ ቀረ፤ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅም ግዴታ ሆነ። የእኛ ግሮሰሪ በረንዳዋ ራሱ 10 ሜትር አይሞላም።

መብልስ? ሆዳምነት ላይ ታክስ የለም። ሆዳችንን የሚከተሉት ነገሮች ላይ ግን አለ። አዋጅ 1186 ሲወጣ ለስላሳ መጠጥ ላይ 25 በመቶ ጣለ። ስኳርም አለበት። ልብን የሚጎዳ ስብ የበዛባቸው ቅባቶችም ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። እዚህ ላይ ግን ሳቄ ይመጣል። ለዓመታት በሸማቾች ማኅበር በኩል በድጎማ ሲታደለን የኖረው የፓልም ዘይት ነዋ። በታኅሣሥ ጠዋት ጀሪካኑን ስታነሱት ረግቶ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ለወጥ ለማውጣት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው። አንዱ እጅ ስብን ይቀጣል፣ ሌላው እጅ ስብን ያድላል። በኑሮ ውድነቱ ማንን መውቀስ እንደሚቻል አላውቅም፤ ዘይት ከጠፋ ይሻላል የሚል ሰው ሰልፉ ላይ አላየሁም።

ዴንማርኮች በ2011 እ.ኤ.አ. ስብ ላይ ታክስ ጥለው ነበር። ሰዉ ድንበር ተሻግሮ ጀርመን ቅቤ መግዛት ጀመረ። ከ2013 መግቢያ ጀምሮ ተነሣ።

እኛ ዘንድ ድንበር መሻገር አያስፈልግም። ጓሮ መሻገር ይበቃል። ቢራ ሲወደድ ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ውኃ አይደለም የሚጠጣው። ከግሮሰሪያችን ጀርባ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው በሚጀምርበት፣ እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት በር አለ። ጠላ ቤት ነው። ባለቤቷ ብቅሉን ራሷ ታበቅላለች፣ ጌሾዋን ራሷ ትወቅጣለች። አረቄም አላት፣ ከዳጉሳ የወጣ። አንድ መለኪያ ስትቀዳ እስከ አፉ ሞልታ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ካልፈሰሰ የሰጠች አይመስላትም። እዚያ የፋብሪካ በር የለም። የፋብሪካ በር ከሌለ ኤክሳይዝ የሚቆምበት ቦታ የለም። ታክስ ጣሉባት ብዬም አልመክርም፤ ሦስት ልጆች ያሳደገችበት ነው።

ግን ሒሳቡን እዩት። ቢራ ከ5 በመቶ ገደማ አልኮል አይዘልም፤ አረቄ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበረታል። ቀላሉ በታክስ ተወደደ፣ ከባዱ ታክስ ሳይነካው ቀረ። ለጤና ተብሎ የተጣለው ዋጋ ኪሱ የሳሳውን ሰው ወደ ጠንካራው ከገፋው፣ ጤናው የቱ ጋ ነው? በዚህ ምክንያት እኔ የሲጋራውን ታክስ እደግፋለሁ፣ የቢራውን ግን እንዳለ አልቀበልም። ሲጋራ ጓሮ ውስጥ አይጠመቅም። ኮንትሮባንድ እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱ ግን የኬላ ሥራ ነው።

ጾም ሲገባ ነገሩ ሁሉ ሌላ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ብዙ ጠጪም ብርጭቆውን ያስቀምጣል። አንድም የገቢዎች ሠራተኛ አልተላከም። ፋሲካ ዕለት ግን ያንኑ 55 ቀን በአንድ ቀን የሚያካክስ ሞልቷል፤ እኔን ጨምሮ።

ወደ ሲጋራው ልመለስ፤ የምደግፈውም ታክስ ቀዳዳ አለው። ያን ማታ ሒሳቡን ከፍለን ስንወጣ፣ ስለ ታክሱ የጠየቀው ጓደኛችን በሩ ላይ አንድ ሱቅ በደረቴ ጠራ። ልጁ ደረቱ ላይ ባንጠለጠላት ካርቶን ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ክብሪትና የተከፈተ ፓኮ ደርድሯል። ፓኮው ላይ በሕግ የታዘዘው የማስጠንቀቂያ ሥዕል አለ፤ የልጁ አውራ ጣት ሸፍኖታል። ጓደኛችን ሁለት ፍሬ ገዛ። በፍሬ ሲገዛ እያንዳንዷ በፓኮው ሒሳብ ከሚደርስባት በላይ እንደምታስከፍለው ያውቃል። ሙሉ ፓኮ አልገዛም፣ ስለዚህ ተወደደብኝ አይልም፤ ሥዕሉንም አላየም።

«ታዲያ ይቺም ታክስ አላት?» አለኝ።

«ሁለቱም አላቸው» አልኩት።

ከበሩ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ለኮሳት።