ጥጥ በኮስቲክ ሶዳ ሲነከር ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ስለሆነ ላስረዳ። የሚያምታቱት ሁለት ሙቀቶች ናቸው። አንደኛው ሶዳው ሲሟሟ የሚወጣው ነው፤ 40 ግራም ሶዳ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃው በ10 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ባልዲውን ከውጭ ስትነኩት ይታወቃችኋል። (ሶዳውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው በፍጹም አትጨምሩ፤ ፈልቶ ይረጫል።)

ሁለተኛው ግን ከጥጡ ጋር የተያያዘ ነው። ፈሳሹ ከቀዘቀዘ በኋላ ጥጡ ሲነከርበት፣ ሴሉሎሱ (ጥጡ የተሠራበት ንጥረ ነገር) ሶዳውን እየሳበ ሲያብጥ እንደገና ሙቀት ይወጣል። ስለዚህ «ብናሞቀው የበለጠ ያብጣል» የሚለው ስህተት ነው፤ ሙቀት የሚያወጣ እብጠት በቅዝቃዜ ይበረታል። ፈሳሹን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ማቆየት የተለመደውም ለዚህ ነው።

የሚለያየው የሁለተኛው ሙቀት መጠን ነው፤ እንደ ፈሳሹ ጥንካሬና እንደ ጥጡ ዓይነት ይወሰናል። በሙቅ የሚጀምሩም አሉ፤ ፈሳሹ ቀጥኖ ክሩ ውስጥ ቶሎ እንዲዘልቅ ብለው ነው፤ ኋላ ያቀዘቅዙታል።