ከጎንደር ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ላይ አሜሪካ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው። ስለ በረራ ሰዓት የማያወራም የለም። ከሚወራው ግን ጥቂት የማይባለው ስህተት ነው።

«ትኬቱ ላይ እኮ 10 ሰዓት ነው የሚለው!»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የየከተማው ነው፤ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። ለምሳሌ በሐምሌ 22:30 ከቦሌ ተነስቶ በማግስቱ 8:30 ዋሽንግተን የሚገባ በረራ እንውሰድ። በእኛ ከምሽቱ 4:30 ተነስቶ ጠዋት 2:30 ገባ ማለት ነው። ሰው ቀንሶ 10 ሰዓት ይላል። ዋሽንግተን ግን በሐምሌ ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ በጥር ደግሞ 8። ስለዚህ ጉዞው 17 ሰዓት ነው። ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል። 11:00 ከዚያ ተነስቶ በማግስቱ 7:30 ቦሌ የሚገባው በረራ 20 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ 7ቱ ሲቀነስ 13 ሰዓት ተኩል ነው።

«ሲሄዱ የሚረዝመው ምድር ስለምትዞር ነው»

ምድር የምትዞረው ወደ ምሥራቅ ነው። ነገሩ እንደሚባለው ቢሆንማ ዋሽንግተን ራሷ ወደ እኛ እየመጣች መሄጃው ባጠረ ነበር! አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል። እውነቱ ሌላ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ሲሄዱ ፊት ለፊት ይጋፈጣል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። ቦሌም የራሷ ጣጣ አላት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም አቅማቸው ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ሰው ጭኖ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ስለሚከብደው መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ግን ከ100 ሜትር በታች ነው። ሲመለስ ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል።

«ካርታ ላይ ቀጥ ያለው መስመር ነው አጭሩ»

ጠፍጣፋ ካርታ ያታልላል። ሉል ላይ ክር ወጥራችሁ እዩት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በሰሐራና በሜዲትራኒያን በኩል ያልፋል። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ወደ ደቡብ መውረድ አለበት።

«ጎንደር–አዲስ አበባ በአየርም ያው 700 ምናምን ነው»

730 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚሆነው በመኪና ነው። መኪናው ጣናን ዞሮ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ ይወጣል። በአየር 420 ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት አካባቢ።

ይሄን ሰምታችሁ ግን «ቦሌ 1:30 ከገባ፣ 2:30 አዘዞ (የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ) ነው» እንዳትሉ። ፓስፖርት ማስመታት አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ፣ የአገር ውስጥ በረራውም የራሱ ሰዓት አለው። የሚመጣውን ዘመዳችሁን የአገር ውስጡን ትኬት ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። 13:40 የሚል ካያችሁ፣ ከቀኑ 7:40 ነው።