ቄጤማው የመጣበት መርከብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የቀዳም ሥዑር ጠዋት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ቄጤማዬን ግንባሬ ላይ እንዳሰርሁ ለፋሲካ በግ ልገዛ ወረታ ሄድሁ፤ ከባሕር ዳር ዋጋው ይሻላል ብለውኝ ነበር። በጉን ገዛሁ። አራት እግሩን በገመድ ጠፍረን ከሚኒባሱ ፖርቶ መጋላ ላይ በጎኑ አጋደምነው። ረዳቱ አጥብቆ ስላሰረልኝ አመሰገንሁት። መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ስንወርድ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሞቶ አገኘሁት። በክት ነውና ለማንም አይሆንም። እናቴ በጉን አየችው፤ ከዚያ ግንባሬን አየችና «ልጄ፣ ይህን አስረህ ነው?» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።

ወገኖቼ፣ ቄጤማው ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ርግቢቱ በለምለም ቅጠል የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ እንዳበሠረች፣ በክርስቶስ ሞት ሞት መሻሩ ይበሠርበታል። ያ የመጀመሪያው ብሥራት የደረሰው ግን ወዴት ነበር? እንስሳት ወደ ተጫኑበት መርከብ ነው። እግዚአብሔር ኖኅን እንስሳቱን አስገባ ብቻ አላለውም። ክፍሎች ሥራ፣ መስኮት አድርግ፣ ለአንተም ለእነርሱም የሚሆን መብል ያዝ አለው። ዘፍጥረት 8 ሲጀምርም እግዚአብሔር ኖኅን ብቻ ሳይሆን አብረውት በመርከብ የነበሩትን አራዊትና እንስሳት ሁሉ እንዳሰበ ይነግረናል። እኔ ያንን ምልክት ግንባሬ ላይ አስሬ የጫንሁትን አላሰብሁም።

የእንስሳት ሐኪም የሆነ የአጎቴ ልጅ በኋላ ነገሩን አስረዳኝ። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ ውስጥ ዘወትር ጋዝ ይፈጠራል፤ የሚወጣውም በማግሳት ነው። ታስሮ በጎኑ የተጋደመ በግ ማግሳት ያቅተዋል። ጋዙ ሆዱን ይነፋና ሳንባውን ይጫነዋል፤ ታፍኖ ይሞታል። ጸጥ ያለው ተኝቶ አልነበረም።

«ነገ ለምናርደው ምን አስጨነቀን?» የሚል ወንድም አለ። ማረድ ተፈቅዶልናል፤ ማሠቃየት ግን የተፈቀደበትን ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም። ሕጉ በሬው እህል ሲያበራይ አፉን አትሰር ይላል። የሚጠላህ ሰው አህያ እንኳ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታይ አታልፈው ይላል። ደግሞ ለራሳችንም ቢሆን፣ ሲደበደብና ሲደነግጥ ውሎ የታረደ በሬ ሥጋው ይጠቁራል፤ ቶሎም ይበላሻል።

ከፎገራ ሜዳ በአይሱዙ የሚመጡትን በሬዎች ሲጭኑ አይታችኋል። ጭራው ይጠመዘዛል፤ ዱላው ይወርዳል። የበሬ ዓይኖች በግራና በቀኝ ስለሆኑ በቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይም፤ ከዚያ የሚመጣበት ምት ያስበረግገዋል። ጨለማ የሆነ የመኪና ውስጥ ወይም ወለሉ ላይ የወደቀ ጥላ ያስፈራዋል፤ ይቆማል። እኛ እልኸኛ እንለዋለን። የበለዓም አህያም ጌታዋ ያላየውን አይታ ነበር የቆመችው፤ መልአኩም በለዓምን የጠየቀው ሦስት ጊዜ ስለ ምን መታሃት ብሎ ነው። መኪናውን ወደ ከፍታ አፈር አስጠግቶ በእግሩ እንዲገባ ማድረግ፣ እንዳያዳልጠው ወለሉ ላይ አሸዋና ጭድ መበተን፣ ትልቁን ከጥጃው መለየት ብዙ ወጪ የለውም። የሚያዳልጥ ወለል ላይ አንዱ ከወደቀ ሌሎቹ ይረግጡታል። በብስክሌት መሪ ላይ ቁልቁል የምናንጠለጥላትን ዶሮም አትርሷት፤ ቅርጫት ይበቃታል።

ውኃውንም ላንሣ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር እናያቸዋለን፤ ወፊቱም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ። ያንን ሥዕል ተሳልመን ወጥተን፣ ጣና አጠገብ ቆሞ በሚያዝያ ፀሐይ ምላሱን ላወጣ በግ አንድ ጣሳ ውኃ እንነፍገዋለን።

55 ቀን ጾመን የምንቸኩለው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ያዕቆብ ከዔሳው ጋር ከታረቀ በኋላ 400 ሰው ያስከተለው ወንድሙ አብረን እንሂድ ቢለው፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞች አሉኝ፤ አንድ ቀን በችኮላ ከተነዱ ያልቃሉ፤ አንተ ቅደም፣ እኔ በከብቶቹና በሕፃናቱ እርምጃ እመጣለሁ አለው። ላባ ዘንድ 20 ዓመት የኖረ እረኛ ነው። ሲደርስም ለራሱ ቤት፣ ለከብቶቹ ዳስ ሠራ። የቦታው ስም ሱኮት የተባለው በከብቶቹ ዳስ ነው።